አምስት ዘጠኝ ለሁሉም

«ያንን ሽቦ አውርዱ!»

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። እኔ አጠናውን በሁለት እጄ ደግፌ ይዣለሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪው ዳኜ ደግሞ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የሽቦውን ጫፍ ያስራል። የጓሳ ተራራ ንፋስ ሰው አይምርም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጠቅልሎብኝ ማን እንደተናገረ እንኳ ማየት አልቻልኩም።

«ማነህ አንተ?» አልኩ በነጠላዬ ውስጥ።

«የጓሳ ጠባቂ ነኝ። እርስዎስ ማን ነዎት?»

«አስተማሪ ነኝ!»

«አስተማሪ ሽቦ ይሰቅላል?»

ነጠላዬን ስገልጠው የሱፍ ባና የተከናነበ ወጣት ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለ ነበር። የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም። የጓጓ ሰው ፊት ነው።

«ጓሳ ዝግ ነው» አለ። «እስኪከፈት ሣር አይታጨድበትም፣ ከብት አይገባበትም። ሽማግሌ ሳይፈቅድ እንኳን አጠና ችካልም አይተከልበትም።»

«ሣር አላጨድኩ! ከብትም የለኝ። ሽቦው እንደሆነ ሣር አይበላ!»

ዳኜ ድንጋዩ ላይ እንደቆመ ሳቁን ዋጠ።

«ታዲያ ምን ሊይዝ ነው የተዘረጋው?»

«ድምፅ።»

«የማን ድምፅ?»

«የመለሰልኝን ሰው ሁሉ።»

ከፈረሱ ወረደ። ሽቦውን ሊነካው እጁን ዘረጋና መለሰው። «ልንካው?» አለኝ። ሊያስወርደኝ የመጣ ሰው ለመንካት ፈቃድ ጠየቀኝ! ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ነገሩ አማተር ሬዲዮ ይባላል። ዜናም ዘፈንም የለውም። ፈቃድና የራሱ መጠሪያ ያለው ሰው በገዛ መሣሪያው፣ ዓለም ላይ የትም ካለ እንደሱ ያለ ሰው ጋር ይነጋገራል። በዓመት ውስጥ ደግሞ ውድድሮች አሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ እየጠራ ብዙ ሰውና ብዙ አገር ያገኘ ያሸንፋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው የተለከፍኩበት። ፊዚክስ እንዳስተምር መሐል ሜዳ ስመደብ መሣሪያዬን በጋቢ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ከተማው ውስጥ ግን የኤሌክትሪኩ ጫጫታ አላሰማ አለኝ። ጓሳ ከፍታውም ጸጥታውም አለው። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለነበረው ትልቅ ውድድር ከዚያ ልጠራ ቆርጬ ነበር። ከኢትዮጵያ የሚጠራ ሰው ብርቅ ስለሆነ ሁሉም ይሻማብኛል፤ ከአፍሪካ አንደኛ የመውጣት ሕልም ነበረኝ።

ይህን ሁሉ ለጠባቂው ነገርኩት። ስሙ ኃይለመስቀል ነው። ሰበካው ጓሳን እንዲጠብቅ የመረጠው፣ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ሰው ነው። እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ።

«አሁን አውርዱት» አለ በመጨረሻ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቅረቡ። እኔም እኖራለሁ።»

* * *

እሁድ ቀረብን። ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች የሚመሩት መምሬ ወልደ ጻድቅ የኃይለመስቀል አባት መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያ ነው። ጥያቄ መውደድ ከማን እንደወረሰም አብሮ ገባኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ውድድር ቀኑ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ቅዳሜና እሁድ፣ አባቴ።»

ማጉረምረም ተነሳ። «ሁለቱም ሰንበት!» አለ አንዱ።

መምሬ እጃቸውን አነሱ። «እስቲ ቆዩ። ምን ይሠራበታል?»

«እጠራለሁ። የሰማኝ ይመልስልኛል። መጠሪያውን እይዛለሁ፣ ወደ ሌላው አልፋለሁ።»

«ምን ይገኝበታል?»

«ምንም።»

«ያሸነፈ ሰውስ?»

«ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይላክለታል።»

«ወረቀቱ እህል ይሸምታል?»

«አይሸምትም።»

መምሬ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ምንም የማይገኝበትን ነገር ሥራ ነው ብዬ ሰንበት ሻረች ልበላት?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ገና አላለቀም ነበር። ጓሳ ላይ ለመዋል ዋስ ያስፈልጋል። እሳት ቢነሳ፣ ሣሩ ቢጎዳ የሚጠየቅ የአገር ሰው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ እዚያ ሰበካ ማን ያውቀኛል? ዳኜን አየሁት። እሱም የሞላሌ ሰው ነው፤ ጫማውን ያያል።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ኃይለመስቀል ነው። አባቱ ቀና ብለው አዩት። «ለምን?»

«ልሰማው ፈልጌ ነው፣ አባባ።»

እዚያ አገር ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም። ሰውዬው ስሙን ነው የሚያስይዘው። እሱ ደግሞ ከጉጉት በቀር ምክንያት ሳይኖረው ስሙን ለማያውቃት ሴት አስያዘ። እኔም በተራዬ ስለሱ መጓጓት ጀመርኩ።

* * *

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከመሐል ሜዳ በጠዋቷ መኪና ስንመጣ ፈረሱን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቀናል። ባትሪውን ፈረሱ ይሸከማል፤ ጥያቄውን እኔ።

«ስልክ እያለ ይኸ ለምን አስፈለገ?»

«ስልክ የምታውቀው ሰው ጋ ነው የሚደወለው። እዚህ ግን ማን እንደሚመልስልህ አታውቅም።»

«ደስ የሚለው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ድምፅዎስ ይኸን ሁሉ ተራራ እንዴት ይሻገራል?»

«ወደ ላይ ይወጣል። ሰማዩ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው ሽፋን አለ፤ እሱ ይመልሰዋል።»

«ፀሐይ ስትጠልቅስ?»

«መንገዱ ይለወጣል። ቀን የሰማህ ሰው ማታ ላይሰማህ ይችላል።»

አንጋጦ ቆየ። «ዕድሜ ልኬን ከሥሩ ስኖር» አለ «ሰማይ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለበት የነገረኝ የለም።»

ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ ቢኖረኝ ምን ነበረበት! እያልኩ አስብ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን እሱን እንደ ተማሪ ማየቴን ተውኩ።

አንድ ቅዳሜ ቆጵሮስ ያለ ሰው መለሰልኝ። ማይኩን ለኃይለመስቀል ሰጠሁትና «ሰላም በለው» አልኩት። «ሄሎ» ብሎ የሚመልስልኝ መስሎኝ! ባናውን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን ሰነበቱ? ደኅና ነዎት ወይ? ቤተሰቡ ደኅና ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቱ እንዴት ከረመ? ዝናቡስ? አዝመራው ዘንድሮ እንዴት ነው?»

 ከዚያ አንድ ግራ የገባው ድምፅ «አጌይን፣ ፕሊዝ?» አለ።

«ምን አለ?»

«ድገምልኝ አለህ።»

ከመጀመሪያው ጀመረዋ! ከብቱን ሳይረሳ። ዳኜ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሻል? ሰላምታ ሳይለዋወጡ ሰው ያናግራሉ እንዴ?»

«እርስዎ» የቀረው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለታችንም እንዳላስተዋልን ሆነን አለፍነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበረ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንድ ደካማ ድምፅ ከፉጨትና ከጫጫታ መሀል ጠራኝ። ሦስቴ አስደገምኩት። መጠሪያውን እንደምንም ለቃቅሜ ያዝኩና «ፋይቭ ናይን» ብዬ ተሰናበትኩት።

«ምንድን ነው ፋይቭ ናይን?» አለ ኃይለመስቀል።

«አምስት ዘጠኝ ማለት ነው። አምስቱ ቃልህ ጥርት ብሎ ተሰምቷል፣ ዘጠኙ ድምፅህ ጎልቶ ደርሷል። ከዚያ በላይ የለም።»

«ሰውዬውን ግን ሦስቴ ድገም አልሽው።»

«አዎ።»

«ታዲያ መች ጥርት ብሎ ተሰማ?»

«በውድድር ለሁሉም አምስት ዘጠኝ ነው የሚባለው። ለውድድሩ እየተለማመድኩ ነው። ወግ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል።»

«እነሱስ አንቺን?»

«እነሱም እኔን።»

«እና በእውነት የሰማሽው ሰው በምን ይታወቃል?»

ስንት ዓመት ስጫወት አንድም ቀን ይህን ጠይቄ አላውቅም። «አይታወቅም» አልኩ።

አልሳቀም። አንገቱን ነቀነቀና የፈረሱን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመረ።

* * *

በዚህ መሀል አንድ ነገር መጣ። መሐል ሜዳ የመጣሁ ዓመት ብርዱም ብቸኝነቱም ሲጠናብኝ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ጠይቄ ነበር። ረስቼዋለሁ። የረሱት ነገር ደግሞ ጊዜ ጠብቆ ይመጣል። ዳይሬክተራችን አቶ ተገኘ ጠሩኝና «እንኳን ደስ ያለሽ! ዝውውርሽ ተፈቅዷል» አሉኝ። «ከውድድራችሁ ማግስት፣ ሰኞ፣ እሺም ይሁን እምቢ መልስሽን ስጪኝ። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ አስተማሪ አለ።»

እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለምን ደስ እንዳላለኝም አላጣሁትም። ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱን የምገፋው ስለ ሬዲዮ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ «ደክሟል፣ መሙያ ቤት የሚያደርስልኝ አጣሁ» እያልኩ ረቡዕም ከተማ እንዲመጣ ልኬበታለሁ። ወድጄዋለሁ! ግን እሱስ? እሱ የወደደው ሬዲዮውን ይሁን እኔን በምን ልወቅ? አንዲት ቃል ቢለኝ እቀራለሁ። ካላለኝ ግን በየቅዳሜው የማይመልስ ሰው እየጠሩ መኖር አይቻልም።

ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ ከሰዓት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሽቦውን ጎትተው ጥለውት ልንጠግነው ወጣን። ዳኜ አልመጣም። ሁለታችን ብቻ ነን። ሽቦውን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይቋጥራል።

«አርሴማ...» አለ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ «መምህርት» ነበርኩ። «ልትሄጂ ነው አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«መሐል ሜዳ ወሬ ይደበቃል?»

«ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል።»

ቋጠሮውን ፈታው። መልሶ ቋጠረው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«መች ጠይቀኸኝ ታውቅና!» አልኩ እየሳቅሁ።

«ከእኔ ጋር ስትውዪ... ልብሽ ምን ይላል?»

መጣ! ስንት ጊዜ የጠበቅሁት መጣ።   እኔ ደግሞ ስፈራ ዝም ማለት አልችልም፤ አፌ ይቀድመኛል።

«አምስት ዘጠኝ ነዋ!» ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። ቋጠሮውን ጨረሰ። ጠበቅ አድርጎ ሳብ ሳብ አደረገና «እሺ» አለ። ፈረሱን ፈቶ ቁልቁል ወረደ። ቆሜ ቀረሁ። ‹ሬዲዮውን ነው የወደደው ማለት ነው› አልኩ። ‹ቢወደኝማ እንዲህ ብሎ ይሄዳል?›

* * *

ቅዳሜ መጣ። ኃይለመስቀልም ዋስ ነውና መጣ። ግን ለውድድሩ የተከልነው ድንኳን ውስጥ አልገባም። ራቅ ብሎ አንድ የጅባራ ተክል ሥር፣ ባናውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

«ና ብላ» አልኩት።

«በልቻለሁ።»

«ና ስማ፤ ጃፓን ገብቷል።»

«ከዚህ ይሰማኛል።»

አይሰማውም። እኔ ነኝ ጆሮ ማዳመጫ ያደረግሁት።

ውድድሩ ግን ሠመረልኝ። አንዴ ስጠራ ከየአገሩ የሚጮኸው ድምፅ የሞላሌ ገበያ ይመስል ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም እኔን። ከዚያ ግርግር ውስጥ አንዱን መዝዤ አወጣለሁ፣ «ፋይቭ ናይን» እላለሁ፣ ሌላውን እመዛለሁ። ዳኜ ላፕቶፑ ላይ ይመዘግባል። እሁድ እኩለ ቀን ላይ ራሱን ይዞ «አርሴማ፣ አምና ከአፍሪካ አንደኛ የወጣው ሰው እስከዚህ ሰዓት ከያዘው በልጠናል!» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። ዓይኔ ጅባራው ሥር ነበር።

ዳኜ ቀልደኛ ቢሆንም ሞኝ አይደለም። ዳቦ ልስጠው ብሎ ወደ ኃይለመስቀል ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ሰውየውን ምን ሰጥተሽው ነው?»

«ምን ሰጠሁት ደግሞ?»

«‹ለሁሉ የምትሰጠውን ለእኔም ሰጠችኝ› ነው የሚለው። ‹ያልሰማችውንም ሰማሁ እንደምትል በዓይኔ አይቻለሁ› አለኝ። እኔ ምንም አልገባኝም።»

እኔ ግን ገባኝ። ወይኔ! ትልቁን ቁጥር የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። እሱ የሰማው ለማንም የሚባለውን ነው።

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅሁ። ሰዓቱ አሜሪካኖቹ ጎርፈው የሚገቡበት ነበር።

«ምን ሆንሽ? አንደኛ ልንወጣ ነው እኮ!»

«አንተ ጥራ።»

«እንግሊዝኛዬን እያወቅሽ!»

«ፋይቭ ናይን ማለት ያቅትሃል?» ብዬ ወጣሁ።

ኃይለመስቀል የእግሬን ድምፅ ሲሰማ ዘወር አለ። «ሽቦው ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«ታዲያ ሰዎቹ እየጠሩሽ አይደለም?»

«ይጥሩ። የጠየቅከኝን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«መልሰሽልኛል።»

«አልመለስኩም! ፈርቼ ቀለድኩ።»

«አንቺ? ፈርተሽ?»

«አዎ፣ እኔ ፈርቼ! አሁንም እየፈራሁ ነው። እውነቱን ልንገርህ?» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «አንተን በደንብ አልሰማህም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ግን አላቋረጠኝም።

«ስትከፋ ዝም ትላለህ፤ ዝምታህ አይገባኝም። ስትስቅ ፊትህን ታዞራለህ፤ በእኔ ይሁን በፈረሱ አላውቅም። አባትህ ስለ እኔ ምን እንዳሉ ብጠይቅህ ስለ ገብስ አወራኸኝ። ከነገርህ ግማሹ ያመልጠኛል። ቅዳሜ ማታ ተመልሼ አንድ በአንድ እያስታወስኩ ‹ይህን ሲል ምን ማለቱ ነው?› እያልኩ ነው የምሰነብተው። ማንንም እንዲህ ለመስማት ደክሜ አላውቅም። እወድሃለሁ፣ ኃይለመስቀል! ይህን ደግሞ ለማንም ብዬው አላውቅም።»

ባናውን ከጆሮው ላይ ገለጠ።

«አሁንም ዝም አልክ!» እንባዬ መጣ።

«እየሰማሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የመጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«የቱን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«እወድሃለሁ።»

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አላነሳም። «ሰማሁ» አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ ፀሐይዋን አየ። «መልሱን የምትሰጪው ነገ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

«ዳኜ!» ብሎ ተጣራ። «አደራ፣ እሳት እንዳትለኩሱ!» ፈረሱ ላይ ወጣና ጋለበ። ቁልቁል፣ በሰበካው በኩል፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ!

በእግዜር አያችሁልኝ? ልቤን አውጥቼ ሰጥቼው «ሰማሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? ድንኳኑ ውስጥ ተመልሼ ማይኩን ያዝኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣ አለኝ። ጀንበር ሳትጠልቅ ሽቦውን ጠቅልለን ወረድን። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ከአፍሪካ አምስተኛ ሆነናል። ዳኜ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

* * *

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ዓይኔ አብጧል። ቃል ካላለኝ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ቃል አላለኝም። «እሺ፣ እሄዳለሁ» የሚለውን መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩት።

የአቶ ተገኘን ቢሮ ስከፍት ግን ደንግጬ ቆምኩ። ቢሮው ጋቢ በለበሱ ሽማግሌዎች ተሞልቷል። መሀላቸው መምሬ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ወንበር ከየክፍሉ ተሰብስቦ ተደርድሯል። አንድም የተቀመጠ የለም። አቶ ተገኘ ላብ በላብ ሆነዋል።

«አርሴማ! ጓሳን ምን አደረግሽው? ለምኛቸው አልቀመጥ አሉኝ!»

«ጓሳ ደኅና ነው» አሉ መምሬ። «አቶ ተገኘ፣ ይቺ ልጅ እዚህ አገር አባት የላትም። የምታድረው በእርስዎ ሥር ነውና እንደ አባት ቆጥረንዎታል። ልጅዎን ለልጃችን ለኃይለመስቀል እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣነው። ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

«እኔ?» አቶ ተገኘ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ዳይሬክተር ነኝ! ደብረ ብርሃን ወላጆች አሏት!»

«እንሄዳለን፤ ደብረ ብርሃንም ሽማግሌ ይላካል። ግን ዛሬ ትሄዳለች አሉን። ከሄደች ወዲያ ማንን እንለምናለን? ብለን እዚህ ቀደምን።»

አቶ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ልበላቸው?»

ሁሉም አየኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ኃይለመስቀል የት ነው?» አልኩ።

«ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ ይገባል እንዴ?» አሉ መምሬ። «ደጅ በቅሎዎቹን ይዟል።»

«አባቴ፣ ትናንት እኮ አንዲት ቃል ሳይመልስልኝ ነው የሄደው!»

መምሬ ፈገግ አሉ። «እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የዚህን ነገር መልስ በገዛ አፉ አይመልስም፣ ልጄ። መልሱ እኛ ነን። በየቤታችን እየዞረ ሲሰበስበን ነው ያመሸው። እኒህን ሽማግሌ ከእራት ነው ያነሣቸው፤ እኔን ከጸሎት።»

ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ጫማቸው ጭቃ ነው። የጥቅምት ብርድ አፍንጫቸውን አቅልቶታል። በጨለማ ተነሥተው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለእኔ ነው! እኔ አንዲት ቃል ስጠብቅ እሱ ሰበካውን ልኮልኛል።

«አቶ ተገኘ» አልኩ።  «ዝውውሩ ይቅርብኝ። አልሄድም።»

መምሬ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። «ይኸ መልስ ለመንግሥት ነው ወይስ ለኛ?»

«ለሁለታችሁም፣ አባቴ!»

አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። መምሬ ወልደ ጻድቅ ተቀመጡ። ከዚያ ከጎናቸው ያሉት፣ ከዚያ ሌሎቹም። አቶ ተገኘ ግንባራቸውን እየጠረጉ እንደ ልጅ አባት ዳቦና ጠላ ፍለጋ ሰው መላክ ጀመሩ። ደብረ ብርሃን ለእናትና ለአባቴ የተላከው ሽማግሌ፣ የጥር ሠርጋችን፣ ያ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ማንም ሳያየኝ ሾልኬ ወጣሁ።

ኃይለመስቀል በሩ ጋ አምስት በቅሎ ይዞ ቆሟል። እንዳልተኛ ያስታውቃል። ስሮጥ ሲያየኝ ክው አለ። እሺ አልሽ ወይ አላለኝም። ልትሄጂ ነው ወይ አላለኝም።

«ተቀመጡ?» አለኝ።

«ተቀመጡ» አልኩት።

ልጓሙ ሁሉ ከእጁ ወደቀ። በቅሎዎቹ ወደ ግቢው ገብተው የትምህርት ቤቱን ሣር ሲግጡ፣ የጓሳው ጠባቂ ቆሞ እያለቀሰ አያቸው እንጂ አላባረራቸውም።